ሰው የሌለበት ፎቶግራፍ

ይህች መጽሔታችን በስቴንስል ተመትታ በማባዣ መኪና የምትወጣ በመሆኗ ፎቶግራፍ አትችልም። ቢገባባትም የቀለም ዝቃጭ ይሆናል እንጂ መልክ አይወጣውም። እናም፣ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ፎቶግራፍ ልጽፍልህ ብዕሬን ሳነሳ አንድም ፎቶግራፍ ላሳይህ አልችልም፤ እኔ በቃል እነግርሃለሁ፣ አንተ በዓይነ ኅሊናህ ትከተለኛለህ። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ትልቅ ጉድለት መስሎኝ ነበር። እየጻፍኩ ስሄድ ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። ለምን እንደለወጥኩ መጨረሻ ላይ እንደርስበታለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር የሴሚስተር ዕረፍት ወደ ቤተሰቦቼ፣ ወደ ፓዌ ሄጄ ነበር። ፓዌ በመተከል፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የምትገኝ፣ የበለስ ወንዝ የሚያልፍባት ቆላ ናት። ከአንድ ልጅ ካሜራ ተውሼ ነበርና ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ጥር ለቆላው የእሳት ጊዜ ነው፤ በክረምት ከሰው ቁመት በላይ የበቀለው ሣር ይነድዳል፣ መሬቱም ከሰል ይመስላል። በዚያ ጥቁር መሬት ላይ አልፎ አልፎ አዲስ ቡቃያ እንደ መርፌ ብቅ ብሏል። መሐል ላይ አንዲት ትልቅ ሾላ ብቻዋን ቆማለች። ከሾላዋ ወዲያ በለስ ጉም ለብሶ ይፈስሳል። ከማዶ ያሉት ኮረብታዎች በጭሱ ውስጥ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ምን ልበልህ፣ ፀጥታው ልብ ይሰርቃል።

ካሜራዬን አነጣጥሬ ልጫን ስል አንዲት የጉሙዝ ሴት ብቅ አለች። በትከሻዋ ላይ በተጋደመ እንጨት ከፊትና ከኋላ ውኃ አንጠልጥላ በዝግታ ትሄዳለች። እኔስ ምን አደረግሁ? እስክታልፍ ጠበቅኋት። ፀጥታውን የምታደፈርስብኝ መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ ፍየል የሚነዳ ልጅ መጣ፤ እሱንም ጠበቅሁት። ሁለቱም ከዓይኔ ሲሰወሩ ቀጭ አደረግሁት። እውነቴን ነው፣ እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ብርሃኑ፣ ጉሙ፣ ሾላዋ፣ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ሰው የለበትም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ያ ፎቶግራፍ እውነት ነው ወይስ ውሸት?

«ካሜራ አይዋሽም» ይባላል። ይህን አባባል ለመመርመር እስከ መጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች ድረስ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1838 ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ በፓሪስ ከመስኮት ሆኖ ቡልቫር ዱ ታምፕል የተባለውን ጎዳና አነሳ። ጎዳናው ሠረገላና እግረኛ የማይጠፋበት ነበር። በምስሉ ላይ ግን ጭር ብሏል፤ ሕዝቡ ሁሉ ከተማውን ጥሎ የተሰደደ ይመስላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዚያን ዘመን ሰሌዳ ብርሃኑን እስኪቀበል ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ምልክት ሳይተው አለፈ። ጎልቶ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን ሰቅሎ የቆመ ነው። በእኛ አነጋገር የሊስትሮ ደንበኛ መሆኑ ነው። ሊስትሮው ራሱ እንኳ እጁ ሥራ ላይ ስለነበረ ደብዝዞ ነው የሚታየው።

ልብ በል፤ ሰሌዳው አልዋሸም። የቆመውን መዘገበ፣ የሚንቀሳቀሰውን ግን ሊይዘው አልቻለም። ስሕተቱ የሚመጣው ተመልካቹ ያንን ሥዕል አይቶ «ለካ በዚያን ቀን በፓሪስ ሰው አልነበረም!» ሲል ነው። ይህን ነገር ያዝልኝና ወደ ፓዌ እንመለስ።

ፎቶግራፉን መጀመሪያ ያሳየሁት ለአባቴ ነው። አባቴ በ1977 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱና ከታናሽ እህቱ ጋር ከወሎ ወደ ፓዌ የመጣ ሠፋሪ ነው። መነጽሩን አድርጎ ብዙ ዝም ብሎ አየውና መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ወንዙ ነው።

«ይሄ በጥር ነው?»

«አዎ አባዬ፣ በዚህ ሳምንት ነው።»

«እኛ ስንመጣ እኮ በለስን በጥር በእግራችን ነበር የምንሻገረው» አለኝ።

ነገሩ እውነት ነው። 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የጣና ውኃ በዋሻ መጥቶ ተርባይኑን ካሽከረከረ በኋላ በለስ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ወንዙ በበጋም አይጎድልም። እኔ «ተፈጥሮ» ብዬ ያነሳሁት ወንዝ ለካ የሰው እጅ ከሐይቅ ያመጣው ውኃ አለበት! ይህ ግን ቀላሉ ነገር ነው። አባቴ ቀጥሎ ጣቱን ከሾላዋ ሥር አሳረፈ።

«እህቴን እዚህ አካባቢ ነው የቀበርናት። ወባ ነው የጨረሳት። ድንጋይ ተሸክሞ የሚያቆም ጉልበት ያለው ሰው አልነበረም፤ ሾላዋን ምልክት አደረግን።»

እኔ የምለው ጠፋኝ። እሱ ፎቶግራፉን መለሰልኝና «አብሽር ልጄ፣ ቆንጆ ነው» አለኝ። ማጽናናት የሚገባኝ እኔ ሆኜ ሳለ እሱ አጽናናኝ።

ሁለተኛው ተመልካች እዚሁ ግቢ አብሮኝ ዶርም የሚያድር ጓደኛዬ ነው። እሱም የመተከል ልጅ ነው፤ ጉሙዝ ነው። የእሱ ዓይን ወደ ወንዙም ወደ ሾላዋም አልሄደም፤ እኔ ከቁም ነገር ያልቆጠርኩት ከፊት ያለው ጥቁር መሬት ላይ ዋለ።

«ይሄ ማሳ ነው» አለኝ።

«የምን ማሳ? ጫካ ነው እንጂ።»

«ጉቶዎቹን አታያቸውም እንዴ? በጉልበት ልክ የተቆረጡ ናቸው። ከጉቶው ላይ ያቆጠቆጠውንም እየው። ሰው መንጥሮ ማሽላ ዘርቶበታል፤ መሬቱ ሲደክም አሳርፎት ሄዷል። የሄደው ተመልሶ ሊመጣ ነው። አንተ ጫካ ያልከው እኮ ዕረፍት ላይ ያለ እርሻ ነው።»

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ጉሙዞች ከጥንት ጀምሮ ያለ በሬ፣ በዶማና በመቆፈሪያ ማሽላ፣ ዳጉሳና ሰሊጥ ሲያመርቱ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። አንዱን መሬት ጥቂት ዓመት ያርሱትና ሲደክም ይተዉታል፤ ሌላ ይመነጥራሉ፤ የመጀመሪያው በቂ ዕረፍት ሲያገኝ ወደ እሱ ይመለሳሉ። እስከዚያው ያ መሬት ሥራ አልፈታም፤ ማሩ፣ አደኑ፣ ለቤት መሥሪያ የሚሆነው ሽመል ከዚያው ይገኛል። ይህ አኗኗር መንቀሳቀስ አለበት። ከደጋ የሄደ ዓይን ደግሞ ልክ እንደ ዳጌር ሰሌዳ ነው፤ ቆሞ የሚጠብቀውን እንጂ የሚንቀሳቀሰውን አይይዝም።

ከዓይናችንም አልፎ ቋንቋችን ራሱ እንደዚያ ሆኖ የተሠራ ይመስለኛል። በአማርኛ ማረሻ ያልገባበትን መሬት «ጠፍ» እንለዋለን፤ አንደበታችን ሲሰላ ደግሞ «ድንግል መሬት» እንላለን። ያልታረሰ ማለትና ባለቤት የሌለው ማለት በጆሯችን አንድ ይሆናሉ። እኛም ተማሪዎቹ ከዚህ ነፃ አይደለንም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ለጢሰኛው ትልቅ ቀን ነበር፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ግን «አራሽ» የሚለው ቃል በዓይነ ኅሊናችን የሚያመጣው ማንን ነው? በሬ ጠምዶ ሞፈር የጨበጠውን ገበሬ አይደል? ቆፍሮ ዘርቶ፣ መሬቱን አሳርፎ የሄደውስ ሰው በየትኛው መፈክር ውስጥ ገባ? የምንወደው ቃላችን እንኳ የራሱ ክፈፍ ነበረው፤ ከክፈፉ ውጭ የቀረም ሰው ነበረ።

አሁን ወደ 1977 ዓ.ም. እንምጣ። በዚያ ዓመት ሁለት ምስሎች ተገናኙ። አንደኛው ዓለም ሁሉ ያየው ነው፤ መሐመድ አሚን በካሜራ ቀርጾት፣ ማይክል በርክ ዘግቦት፣ ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን ያሰራጨው የኮረም ምስል። በዚያ ምስል ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። የተራበ፣ ብርድ ልብስ የተከናነበ፣ ልጁን የታቀፈ ሰው። ማሳው፣ ጎጆው፣ የሚማልበት ደብሩ ወይም መስጊዱ፣ የአያቶቹ መቃብር የለም። ዓለም አይቶ አለቀሰ፣ እህልና መድኃኒትም መጣ፤ ያ ምስል ብዙ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን የወሎ ገበሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰው ዓይን አገር የሌለው ሰው ሆነ። ሁለተኛው ምስል ታትሞ የተሰራጨ አይደለም፤ በዕቅድ አውጪዎች ጭንቅላት ውስጥ የተሣለ ነው። ይኸውም ምዕራቡ፣ ለምለሙ፣ ሰው የሌለበት ቆላ ነው።

አንደኛው መሬት የሌለው ሰው፣ ሁለተኛው ሰው የሌለው መሬት። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው መልሱ ራሱን በራሱ የሚናገር ይመስላል፦ ይሄን አንስቶ እዚያ ማስቀመጥ!

ተደረገም። በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በአገር ደረጃ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተጓጓዘ። ፓዌና አካባቢዋ ብቻ ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከሌላም ቦታ የመጣ ወደ 80 ሺህ የሚገመት ሰው ተቀበሉ። ፈቅዶ የመጣ ነበር፤ ተገድዶ የመጣም ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ሳይቀሩ ጎጆ ሊሠሩ ወደ ሠፈራ ጣቢያዎች ዘመቱ። ለመንደሮቹ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ዛሬም ድረስ የፓዌ ሰው መንደሩን በቁጥር ነው የሚጠራው። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በጣሊያን መንግሥት ዕርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት በዶዘርና በትራክተር ጫካውን ገለጠው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወባና ሌላም በሽታ ሠፋሪውን ፈጀው። ጉሙዞቹ ደግሞ ያሳረፉትን መሬትና ቀፎ የሚሰቅሉበትን ዛፍ እየተዉ ወደ ዳር ተገፉ።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? አባቴ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። የጓደኛዬ አያት በገዛ ማሳቸው ላይ ነበሩ። ሁለቱንም የጎዳቸው አንድ ዓይነት ስሕተት ነው፤ ምስሉን አይቶ ነገሩን ያወቁ መምሰል።

ጓደኛዬ ስለ ጉቶዎቹ ከነገረኝ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝና በማግሥቱ ለአባቴ ስልክ ደወልኩ። «አባዬ፣ ስትመጡ መሬቱ ባዶ ነበር?» አልኩት። ጥቂት ዝም አለ።

«ባዶ ነው ያሉን እነሱ ናቸው እንጂ እኛማ ጉልቻ አግኝተናል። ሦስቱም እንደተጎለቱ ነበሩ፣ አመዱም ነበረ። እናቴ አልነካቻቸውም። ‹የሰው ምድጃ ነው› ብላ ለእኛ ሌላ ድንጋይ ፈልጋ ጎለተች።»

አያቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ካሜራም ካርታም በእጇ ይዛ አታውቅም። ረሃብ ከቤቷ ነቅሏት፣ ልጇ በወባ እየነደደች፣ በማታውቀው አገር ቆማ ግን ሦስት ድንጋይ አይታ የሌለውን ሰው አየችው። እኔ ተምሬ፣ ጠግቤ፣ ካሜራ ይዤ ደግሞ በዓይኔ ፊት ውኃ ተሸክማ የምታልፈውን ሴት እንዳላያት ጠበቅሁ። ከሁለታችን ማየት የሚያውቀው ማን ነው?

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ምን ዓይነት ግድያና መፈናቀል እንደደረሰ ሁላችንም ሰምተናል፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ከመስማት ያለፈ ነው የደረሰብን። በእንደዚያ ያለ ጊዜ «ማን ቀደመ?» የሚለው ክርክር የቃል ክርክር ሆኖ አይቀርም። አንዱ «ባዶ ነበር፣ እኛ ነን ያለማነው» ይላል፤ ይህ ሰው የሌለበት ፎቶግራፍ ነው፤ ጉልቻውን ከክፈፉ አውጥቶታል። ሌላው «እናንተ እንግዳ ናችሁ፣ እዚህ ምንም የላችሁም» ይላል፤ ይህም ሰው የሌለበት ፎቶግራፍ ነው፤ ከሾላዋ ሥር ያለችውን አክስቴን ከክፈፉ አውጥቷታል። ሰው ከመግደል በፊት ሰውን ከሥዕሉ ማውጣት ይቀድማል።

«ታዲያ ውበት ኃጢአት ሊሆን ነው? ወንዝና ዛፍ ማንሳት ይቅር ልትል ነው?» ትለኝ ይሆናል። የለም፣ እንደዚያ አልልም። የድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነበር፤ ያን አይቶ ማንም አልተጎዳም። በከተማ ትርምስ የታከተው ሰው ፀጥ ያለ ቦታ ቢያይ ተገቢው ነው፤ እኔም ያን ማለዳ የተሰማኝ ደስታ የሐሰት አልነበረም። ደግሞስ «ሰው ይግባበት» ቢባል መፍትሔ ይሆናል? ኮረም ሰው ሞልቶበት ጎዶሎ አልነበረምን? ያችን ሴት ከነሸክሟ ባነሳትስ ኖሮ፣ ሳላስፈቅዳት፣ ስሟን ሳልጠይቅ፣ ከሾላዋ ጎን እንደ ጌጥ አቁሜያት ልሄድ አልነበረም? ስለዚህ ጥፋቱ ሰው በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ አይደለም።

በከተማ ደግሞ ተቃራኒውን አየሁ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 በሥዕል ዲፕሎማውን ያገኘው ሚካኤል ጸጋዬ፣ የዘይት ቀለም ለጤናው አልስማማ ቢለው ወደ ካሜራ የዞረ ሰው ነው። በኋላም የሚፈርሱትን የአዲስ አበባ ሠፈሮች «የወደፊት ትዝታዎች» በሚል ርዕስ አንስቷል። የእሱን ሥራ ካወቅሁ ወዲህ ፍርስራሽን የማይበት ዓይን ተለወጠ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ በዚያ ሳልፍ አንድ ብቻውን የቀረ ግድግዳ ቆሜ አይቻለሁ። ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎበት የኖረው ቦታ ከሌላው ደመቅ ብሎ ቀርቷል፤ ሚስማሩም አለ። ሰው የለም። ግን ያ ግድግዳ ከነቤተሰቡ ነው የቆመው። ባዶነቱ ሰውን አይደብቅም፤ «የት ሄዱ?» ብሎ ያስጠይቃል እንጂ።

ይህን ካየሁ በኋላ ወደ ራሴ ፎቶግራፍ ተመለስኩ። ለካ እሱም ላይ ምልክቱ ነበረ! ጉቶዎቹ አሉ፣ ሾላዋ አለች፣ በጥር የሞላው ወንዝ አለ። ካሜራው ሁሉንም ይዟቸዋል፤ ማንበብ ያቃተኝ እኔ ነኝ። እንግዲህ ለተነሳሁበት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ ፎቶግራፉ ውሸት አይደለም፤ ዝም ያለ ነው። ዝም ያለን ነገር «ምንም የለውም» ያልኩት ጊዜ ውሸታሙ እኔ ነኝ። መሬትን የሚያይ ሰው፣ ፎቶግራፍ አንሺም ይሁን ዕቅድ አውጪ፣ ወይም እንደኛ ነገ መሐንዲስና አስተዳዳሪ ሆኖ የሚወጣ ተማሪ፣ «ምን ይታያል?» ከማለቱ በፊት «ማን አልፎ ሄዷል? ማንስ እስኪያልፍ ጠበቅሁት?» ብሎ የመጠየቅ ዕዳ አለበት። መልሱም ከሥዕሉ ውስጥ አይገኝም፤ እንደ አባቴና እንደ ጓደኛዬ ያለውን ሰው ቁጭ ብሎ መጠየቅ ይፈልጋል።

በወላጆቻችን ዘመን ፎቶግራፍ ጀርባ ነበረው። ፎቶ ቤት ሄዶ የተነሳ ሰው ለወዳጁ ሲሰጥ ገልብጦ «ለማስታወሻ ይሁንህ» ብሎ ስሙንና ቀኑን ይጽፍበት ነበር። የዛሬው የስልክ ፎቶግራፍ ጀርባ የለውም፤ ፊት ብቻ ነው። እኔ ግን ያንን የፓዌ ፎቶግራፍ በወረቀት አሳትሜ ጀርባውን ጻፍኩበት፤ አንዱን ለአባቴ ላክሁለት፣ አንዱን ለጓደኛዬ ሰጠሁት። ይህች መጽሔት ፊቱን ማተም አልቻለችም። ጀርባው ላይ ያለውን ግን እነሆ፦

«ፓዌ፣ ጥር፣ ማለዳ። ወንዙ በለስ ነው፤ የጣና ውኃ ተቀላቅሎበታል። ከሾላዋ ሥር አክስቴ ተቀብራለች። ከፊት ያለው ጥቁር መሬት ያረፈ ማሳ ነው፤ ባለቤት አለው። አንዲት ውኃ የተሸከመች ሴትና አንድ ፍየል የሚነዳ ልጅም ነበሩ። እስኪያልፉ ጠብቄ ነው ያነሳሁት።»